ራውተር ከሱቅ መግዛት ወይስ ቤት ውስጥ መሥራት? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከአያት ወዲያ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ መንገድ የሚኖር ሰው ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍበት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ጥግ ላይ የተቀመጠውን ራውተር ነው። ከዚያም አንድም ከሱቅ የተሻለ ራውተር ለመግዛት ያስባል፣ አንድም ያገለገለ ኮምፒውተር ወይም ሚኒ ፒሲ ገዝቶ፣ ነጻ ሶፍትዌር ጭኖበት የራሱን ራውተር ለመሥራት ይነሣል። ሁለቱም የሚያዋጡበት ቦታ አላቸው። ይሁን እንጂ በከተማዋ ዳርቻ ምርጫውን ከመሣሪያው ጉልበት ይበልጥ የሚወስኑት የመብራቱ ሁኔታ፣ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ዓይነት እና መሣሪያው ሲያስቸግር ተነሥቶ የሚያስተካክል ሰው መኖር አለመኖሩ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ምክንያት መመሪያው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መደረግ በሚገባቸው ልኬቶች ይጀምራል።

አንደኛ፦ ያሉትን ሣጥኖች ይለዩ

በተለምዶ ራውተር የምንለው ዕቃ ብዙ ሥራ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ከውጭ የሚመጣውን መስመር የሚቀበለው ክፍል ሞደም ወይም፣ መስመሩ ፋይበር ከሆነ፣ ኦኤንቲ ይባላል። የቤቱን መሣሪያዎች ከውጭው ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውና ያልተጠራ ግንኙነት እንዳይገባ የሚከላከለው ክፍል ትክክለኛው ራውተር ነው። ዋይፋይ የሚረጨው አክሰስ ፖይንት፣ ገመዶቹ የሚሰኩበት ደግሞ ስዊች ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ራውተር የሚተካው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ኦኤንቲው ባለበት ይቀጥላል፣ ዋይፋዩንም ሌላ ዕቃ መርጨት ይኖርበታል። ይህንን ሳያውቁ ኮምፒውተር የሚገዙ ሰዎች ዋይፋያቸው እንደማይሻሻል የሚረዱት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ቀጥሎ በብራውዘር ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብተው ዋን በሚለው፣ ማለትም የውጭውን መስመር በሚያሳየው ክፍል የተጻፈውን አድራሻ ያንብቡ። ቁጥሩ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ ከሆነ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የጋራ አድራሻ እያወጣ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለው መስመር ላይ ከውጭ ሆኖ የቤትን ካሜራ ወይም ኮምፒውተር በቀጥታ መክፈት በየትኛውም ራውተር አይቻልም። ራውተር ለመሥራት የተነሡት ለዚሁ ዓላማ ከሆነ እዚህ ላይ ቆመው አቅራቢውን ስለ ቋሚ የሕዝብ አድራሻ ይጠይቁ።

ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር ውስጥ ከሆኑና የሚጠቀሙት ሲም ካርድ የሚገባበትን የ4ጂ ራውተር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሲም የሚቀበለው ዕቃ መቼም ቢሆን አይቀርም፤ ቤት የሚሠራው ራውተር ከእርሱ ኋላ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ጊዜ ብዙውን ለውጥ የሚያመጣው የ4ጂ ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ የሚል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ይፈልጉ፤ ወደ ‎-80 ሲጠጋ ጥሩ፣ ከ‎-110 ሲወርድ ደካማ ነው። ዕቃውን ከመስኮት መስኮት እያዘዋወሩ፣ በየቦታው አንድ ሁለት ደቂቃ እየጠበቁ ቁጥሩን ይመዝግቡ። የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ሲግናልን ክፉኛ ስለሚያግዱ ከእነርሱ ማራቅ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ምሽት ላይ ይለኩ

ልኬቱ የሚጠቅመው መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲደረግ ነው። ላፕቶፕ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ሦስት ጊዜ ፒንግ ያድርጉ፤ ፒንግ ማለት ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ መለካት ነው።

በመጀመሪያ ችግር አለበት ከሚሉት ክፍል ውስጥ ሆነው፣ በዋይፋይ እንደተገናኙ፣ የራሱን የራውተሩን አድራሻ ፒንግ ያድርጉ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከተመለሰ ዋይፋዩ ደህና ነው። አንዳንዱ 3፣ አንዳንዱ 200 እያለ ከዘለለ ወይም ከናካቴው ከጠፋ ችግሩ ከግድግዳው ወዲህ ስለሆነ የሚያስፈልግዎ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት ነው እንጂ ራውተር አይደለም። ለሁለተኛው ልኬት ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኙና ማንም ሰው ኢንተርኔት በማይጠቀምበት ቅጽበት 8.8.8.8ን፣ ማለትም የጉግልን አገልጋይ ፒንግ ያድርጉ። ይህ የመስመሩ መነሻ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው ነው፦ ያንኑ ፒንግ ሳያቋርጡ ሌላ ሰው በስልኩ ረጅም ቪዲዮ በቴሌግራም እንዲልክ ያድርጉ። ቁጥሩ ለምሳሌ ከ30 ተነሥቶ 600 ወይም 900 ሚሊሰከንድ ቢደርስ፣ የሚላከው መረጃ በሞደሙ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ የሌላውን ሁሉ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው። አንዱ ልጅ ፋይል ሲልክ የሌላው የዙም ስብሰባ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሕመም የፍጥነት ፓኬጅ መጨመር ብቻውን ፈውስ አይሆነውም። መድኃኒቱ ሰልፉን የሚያስተካክል፣ ኤስኪውኤም የተባለ የሶፍትዌር ዘዴ ነው። ዘዴው ኤፍኪው ኮደል ወይም ኬክ በተባሉ ስልቶች አማካይነት እያንዳንዱ ግንኙነት ተራውን እንዲያገኝ ያደርጋል፤ በኬክ ደግሞ ፍጥነቱን ለየመሣሪያው እኩል ማካፈል ይቻላል። ቤት የሚሠራን ራውተር እንድናስብ ከሚያደርጉን ምክንያቶች ሁሉ ለእኔ እጅግ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ነገር ግን ኤስኪውኤም ኮምፒውተር የግድ አይፈልግም። እስከ 100 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ለሆነ መስመር ኦፕን ደብልዩአርቲ የተባለው ነጻ የራውተር ሶፍትዌር የሚጫንበት ተራ የሱቅ ራውተር በአብዛኛው ይበቃዋል። ሥራው ፕሮሰሰሩን ስለሚያደክም ትልቅ ጉልበት ያለው ሣጥን የሚያስፈልገው ፍጥነቱ ወደ ብዙ መቶ ሜጋቢት ሲወጣ ነው። በ4ጂ መስመር ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ በአንድ ቋሚ ቁጥር የተስተካከለ ኤስኪውኤም የሚሰጠው ጥቅም ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፦ የመብራቱን ሂሳብ ይሥሩ

ስለ ራውተር የሚጻፉ የውጭ መመሪያዎች ይህንን ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ለእኛ ግን የጉዳዩ ልብ ነው። የሱቅ ራውተር ባብዛኛው ከ5 እስከ 12 ዋት ይወስዳል። ኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ፒሲ ሥራ ሳይበዛበት 10 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ግን ቆሞ እንኳን ከ30 እስከ 60 ዋት ሊወስድ ይችላል። 45 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 32 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ የ8 ዋቱ ራውተር ግን 6 እንኳን አይሞላም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚሰላና የመጀመሪያው እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ በመሆኑ፣ ዴስክቶፑ ብቻውን ከዚህ እርከን ከግማሽ በላዩን ይበላና የምጣዱንና የማቀዝቀዣውን ፍጆታ ወደ ውዱ እርከን ይገፋዋል።

መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል። 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት የሆነች ትንሽ የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ ዕድሜዋ እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድባት ይመረጣል። በቀረው 42 ዋት ሰዓት 8 ዋት የሚወስድ ራውተርና 5 ዋት የሚወስድ ኦኤንቲ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያሉ። በዚያው ባትሪ ላይ ዴስክቶፕ በኢንቨርተር ሲሰካ በመለወጥ የሚባክነው ኃይል ተጨምሮበት 40 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳሉ የአዳፕተሩን ጽሑፍ ያንብቡ። 12 ቮልት የሚል ከሆነ ለራውተር ተብለው በሚሸጡት ትንንሽ የሊቲየም ዩፒኤሶች ላይ በቀጥታ ይሰካል፤ የዩፒኤሱ አምፒር ከአዳፕተሩ እንዳያንስ ብቻ ይጠንቀቁ። የራስዎን የእርሳስ ባትሪ ለመጠቀም ካሰቡ፣ ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚወጣ በመካከል የቮልቴጅ ማስተካከያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዕቃዎች ሰፊ የቮልት ክልል ስለሚቀበሉ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ለምሳሌ ማይክሮቲክ ሄክስ አርቢ750ጂአር3 ከ8 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል። ኦኤንቲውንም አብሮ ባትሪ ላይ ማድረግ እንዳይረሳ፤ ራውተሩ ብቻ በርቶ ቢቆይ ዋይፋይ እንጂ ኢንተርኔት አይኖርም።

አራተኛ፦ ቤቱንና ግቢውን ይመልከቱ

በዳርቻው ያለው የተለመደ አኗኗር ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ተከራዮች የሚኖሩባቸው ሰርቪስ ቤቶች ሆነው አንዱን መስመር የሚጋሩበት ነው። የብሎኬት ግድግዳ 5 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ በእጅጉ ያዳክመዋል፣ የኮንክሪት ወለል ደግሞ ይብሳል። ከሳሎን የሚረጨው ሲግናል ሰርቪስ ቤት ድረስ እንዲዘልቅ ብሎ ትላልቅ አንቴና ያለው ራውተር መግዛት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስልኩ መልሶ የሚልከው ሲግናል ደካማ እንደሆነ ይቀራልና። የሚያዋጣው ወደ ኋላ ቤት የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ እዚያ አንድ አክሰስ ፖይንት ማስቀመጥ ነው። አንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ሲገዙ ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑን ጫፉን ፋቅ አድርገው ያረጋግጡ፤ ውስጡ ነጣ ያለ ከሆነ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተለበጠበት ርካሽ ገመድ ነው። በግቢ አየር ላይ የሚያልፈው ገመድ ፀሐይ የሚችል የውጭ ገመድ ይሁን፤ በክረምት መብረቅ ሲበዛም ነቅሎ ማስቀመጥ ይመከራል።

ተከራዮች ያሉበት ግቢ በእውነት ጥሩ ራውተር የሚጠይቅ ቦታ ነው። የባለቤቱ ካሜራና ኮምፒውተር ያሉበት ኔትወርክ ከተከራዮቹ መለየት አለበት፤ ይህም ለባለቤቱም ለተከራዩም ክብር ነው፣ የአንዱ ጓዳ ለሌላው ሊታይ አይገባምና። ይህ መለያየት ቪላን በተባለ ዘዴ ይሠራል። ከዚያ ላይ በኬክ አማካይነት ፍጥነቱን ለየመሣሪያው እኩል ማካፈል ሲጨመር፣ አንድ ተከራይ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ቢያወርድ ሌላው አይጎዳም።

አምስተኛ፦ ይወስኑ

ቤትዎ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ከሆነ፣ መስመሩም ከ100 ሜጋቢት የማይበልጥ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ወደ ራውተር መለወጥ አያስፈልግዎትም። ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚቀበል የሱቅ ራውተር ይግዙ። ይህ ሶፍትዌር መነሻው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ሊንክሲስ ደብልዩአርቲ54ጂ ነው፤ ኩባንያው በ2003 የሶፍትዌሩን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ በ2004 ፕሮጀክቱ ተጀመረ። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ ሣጥንና በራስ እጅ የተሠራ ራውተር የሚገናኙበት መካከለኛ መንገድ ነው፤ ለአብዛኛው አንባቢ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ቤት የተሠራ ራውተር የሚያዋጣው ተከራዮች ላሉበት ሰፊ ግቢ፣ ቤቱ ውስጥ ቢሮ ወይም ስቱዲዮ ላለው፣ ወይም ሁለት መስመር ለያዘ ሰው ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮምን ፋይበርና የሌላውን 4ጂ አንድ ላይ ይዞ፣ አንዱ ሲቋረጥ በራሱ ወደ ሌላው የሚሻገር ራውተር ማዘጋጀት ይቻላል። ይህንን ሥራ ደህና ሚኒ ፒሲ በሚገባ ይወጣዋል። ሆኖም ለሥራ ጉዳይ ሌላ ከተማ ሲሆኑ ራውተሩን ሊያስተካክል የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ሌላው መስፈርት ሁሉ ቢሟላም የሱቁን ይምረጡ።

ስድስተኛ፦ ከሱቅ የሚገዙ ከሆነ

ከመርካቶም ሆነ ከመገናኛ ሲገዙ ከካርቶኑ ይልቅ ከዕቃው ሥር የተለጠፈውን ሞዴልና የቨርዥን ቁጥር ያንብቡ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ቨርዥኖች በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ቺፕ ሊይዙ ይችላሉ። ቁጥሩን ይዘው በስልክዎ በኦፕን ደብልዩአርቲ የመሣሪያዎች ሠንጠረዥ ላይ ይፈልጉት። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸው አሮጌ ራውተሮች በአዳዲሶቹ ቅጂዎች አይደገፉም፤ 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ከዚያ በታች ሊወረድ የማይገባው ልክ ነው። ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት።

የአምራቹ ማሻሻያ የቆመበት ራውተር ርካሽ ቢሆንም አይግዙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ሲጋለጥ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ነበር፤ አብዛኞቹም የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ራውተሮች ነበሩ።

ሰባተኛ፦ ቤት የሚሠሩ ከሆነ

በመጀመሪያ ሁለት የኔትወርክ ወደብ ያለው፣ ማራገቢያ የሌለው ሚኒ ፒሲ ይፈልጉ። ግንባታ የማያልቅበት የዳርቻ ሰፈር አቧራ ማራገቢያን በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝም አየሩ ሣሳ ያለና ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑን ቁም ሣጥን ውስጥ አይዝጉበት። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ የኢንቴል ኔትወርክ ካርድ ይገባበታል፤ አስመስለው የተሠሩ ካርዶች ስላሉ መመለስ በሚቻልበት ስምምነት ይግዙ።

ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ባዮስ ወደተባለው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ገብተው መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ ያስተካክሉ። ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅለው፣ ጥቂት ቆይተው መልሰው በመሰካት ይፈትኑት። ባገለገለ ኮምፒውተር ላይ ሲአር2032 የተባለችውን ክብ ባትሪ በአዲስ ይተኩ፤ ባትሪዋ ካለቀች ማሽኑ ቅንብሩን ይረሳና መብራት በመጣ ቁጥር ኪቦርድ እስኪነካ ድረስ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ለሶፍትዌሩ ኦፕን ደብልዩአርቲ ወይም ኦፒኤንሴንስ ይበቃል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ስኳሽኤፍኤስ የተባለው ቅጂውም ዋናውን ሲስተም የሚያስቀምጠው ሊጻፍበት በማይችል ክፍል ላይ ስለሆነ ድንገተኛ የመብራት መቋረጥን በደንብ ይችላል። ሁለተኛው ባለብዙ ገጽታና ለቢሮ የሚስማማ ነው፤ ሲጭኑት ዜድኤፍኤስ የሚለውን የፋይል ሥርዓት ይምረጡ። ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ገጽ አውርደው በፍላሽ ላይ ጽፈው ይጫኑት።

ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ሁለቱም ሶፍትዌሮች ሲጫኑ የቤቱን አድራሻ 192.168.1.1 ያደርጉታል፤ ከአቅራቢው የመጣው ሣጥንም ብዙ ጊዜ ያንኑ አድራሻ ይጠቀማል። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት አድራሻ ሲኖር ራውተሩ መረጃውን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም፣ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሳለም ኢንተርኔት አይኖርም። ስለዚህ ከኦኤንቲው ጋር ከማገናኘትዎ በፊት የቤቱን በኩል ለምሳሌ ወደ 192.168.50.1 ይቀይሩት። ኦኤንቲው በብሪጅ ሞድ፣ ማለትም መስመሩን ብቻ እያሳለፈ የራውተርነቱን ሥራ ለአዲሱ ራውተር ትቶ፣ እንዲሠራ አቅራቢው ከፈቀደ የፒፒፒኦኢ (ወደ አቅራቢው መስመር መግቢያ) የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በአዲሱ ራውተር ላይ ይገባል። ካልፈቀደም አዲሱ ራውተር ከኦኤንቲው ኋላ ሆኖ ያለ ችግር ይሠራል።

አሮጌውን ራውተር አይጣሉት፤ አክሰስ ፖይንት ይሁን። አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ያጥፉበት፣ አድራሻውን 192.168.50.2 ያድርጉ፣ ገመዱንም በዋን ሳይሆን ለቤቱ መሣሪያዎች በተሠራው በላን ወደብ ይሰኩ። በመጨረሻ በዚያው የምሽት ሰዓት በፍጥነት መለኪያ ገጽ የለኩትን የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት ከ85 እስከ 95 በመቶ አድርገው ኤስኪውኤም ላይ ያስገቡና ሦስተኛውን ፒንግ ይድገሙት። ቁጥሩ ከመነሻው ብዙም ካልራቀ ተስተካክሏል፤ አሁንም ከዘለለ የመላኪያውን ፍጥነት ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ይሞክሩ።

ስምንተኛ፦ መለዋወጫ ያዘጋጁ

የተስተካከለውን ቅንብር በፋይል አውርደው በስልክዎና በፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ከአቅራቢው የመጣው ዋይፋይ ያለው ሣጥን ተስተካክሎ፣ የተሠራው ራውተር በሌለበት ብቻውን ቤቱን ማገናኘት የሚችል ሆኖ ይቀመጥ፤ በብሪጅ ሞድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የፒፒፒኦኢው ስምና የይለፍ ቃል የገባበት ሌላ ርካሽ ራውተር ይዘጋጅ። የትኛው ገመድ ከየትኛው ወደብ ተነቅሎ የት እንደሚሰካ በአማርኛ በወረቀት ላይ ጽፈው ከሣጥኑ ጎን ይለጥፉ፤ ገመዶቹም ላይ ባለቀለም ፕላስተር ያድርጉ። ከዚያ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ምንም ሳይናገሩ፣ ባለቤትዎ ወይም ታላቁ ልጅዎ ወረቀቱን ብቻ እያነበቡ ቅያሬውን አንድ ጊዜ እንዲያደርጉት ያድርጉ፤ የተደናገሩበት ቦታ ካለ ወረቀቱን በዚያው ያስተካክሉት።